ባለ አንድ ዓይኑ የሱፍ አበባ

ባሕር ዳር ሥራ የጀመርኩት በታይፒስትነት ነው። ቢያንስ በእጄ የያዝኩት የምደባ ደብዳቤ እንደዚያ ይላል። የተመደብኩበት የሳሙና ፋብሪካ ግን የጽሕፈት መኪና አልነበረውም፤ የነበረው አንዱ ለጥገና ሄዶ በዚያው ቀርቷል። የአስተዳደር ኃላፊው የሞላሁትን ቅጽ አገላብጦ አየና «የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል። ሥዕልና ጽሑፍ ክፍል ግቢ» አለኝ።

«ሥዕል እኮ አልችልም» አልኩት።

«እዚያ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ መፈክር አይችሉም። ተረዳዱ።»

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከናዝሬት ከመጣሁ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ክፍሉ ከጋራዡ ጀርባ፣ ሐይቁ ዳር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። በሩን ስከፍት ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ፊት ለፊታቸው ከእሳቸው ቁመት የሚበልጥ ኮምፔንሳቶ ቆሟል፤ ኮምፔንሳቶው ላይ ዓይን ያልተሠራለት ጺማም ሰውዬ አለ። ወጥ ሊሠሩ መስሎኝ «ምሳ ሰዓት ከሆነ ልመለስ?» አልኳቸው።

«የምን ምሳ? ልቀባ ነው እንጂ» አሉኝ።

አለቃ ይርዳው ይባላሉ፤ የአንበሳሜ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደራንና የጣና ደሴቶችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሲሥሉ ኖረው፣ አብዮቱ ሲመጣ የሚያሠራቸው ደብር ጠፋና ፋብሪካው ቀጠራቸው። እሳቸው «ሠዓሊ ደረጃ አንድ» ነበሩ። እኔ «ረዳት ሠዓሊ ደረጃ ሦስት» ተባልኩ። ደረጃ ሁለት የሚባል ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የሁለቱ ቀለም ጠባይ ነበር። የትልልቅ ሰዎች ምስል ኮምፔንሳቶ ላይ በዘይት ቀለም ይሠራል፤ ማቅጠኛው አኳራጅ ነው። መፈክር ግን አቡጀዲ ላይ በሙጫ ቀለም ይጻፋል፤ የበሬ ቆዳ ተቀቅሎ ሙጫው ሲወጣ የቀለም ዱቄት ይበጠበጥበታል። አቡጀዲ በራሽን ስለሆነ በዓሉ ሲያልፍ መፈክሩ ይታጠብና ጨርቁ ለሚቀጥለው መፈክር ይደርሳል። ከምስሉ ሥር ያለው ጽሑፍም እንደ ወቅቱ ስለሚቀያየር በሙጫ ነው የሚጻፈው።

«ዘይት ላይ ሙጫ አይይዝም፤ እንደ ጤዛ ይንከባለላል» አሉኝ አለቃ፣ የተላጠውን እየሰጡኝ። «ነጭ ሽንኩርት ስታሽበት ግን ይይዛል። ዘይት እስከ ምጽአት ነው፤ ሙጫ እስከ ዝናብ ነው። ይህን ካወቅሽ ሌላው ልምድ ነው።»

መፈክር የምናጥበው ሐይቁ ዳር ነበር። ሳሙና በነፃ ነው፤ የፋብሪካው ብቸኛ ጥቅም እሱ ነው። እዚያው አጠገብ አንድ ሐጂ ጀልባ ይሠሩ ነበር። ውኃው ሲቀላ ባዩ ቁጥር ምሳራቸውን አስቀምጠው «ዛሬ ደግሞ ማንን አጠባችሁ?» ይሉናል።

«ኢምፔሪያሊዝምን፣ ሐጂ።»

«ለቀቀ?»

«ቀዩ ትንሽ አስቸገረ።»

የፋብሪካው የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ደምሴ ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት ስክሪብቶ ይሰካል፤ አንዱም ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። አለቃን «ጓድ ይርዳው» ብሎ ይጠራቸዋል። አለቃም ጓድ ይርዳው የሚባለው ሰው ከኋላቸው የቆመ ይመስል ዞር ብለው ይፈልጉታል። ይህን የሚያደርጉት አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ለላብ አደሮች በዓል ሦስቱን ጺማሞች ዋናው በር ላይ እንድንሰቅል ታዘዝን። ስማቸውን አልጠራም፤ በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃቸዋል። ጓድ ደምሴ ከበላይ የመጣውን ናሙና ይዞ መጣ። ሦስቱም በጎን ተሰልፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ።

አለቃ ናሙናውን ትኩር ብለው አዩና ጠየቁ። «እነዚህ ሰዎች ደጎች ናቸው ወይስ ክፉዎች?»

«ምን ማለት ነው? የዓለም ላብ አደር መሪዎች ናቸው!»

«እንዲያ ከሆነ ገባኝ» አሉ አለቃ።

የገባቸው ሌላ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ታይቶ ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ዲያብሎስ ነው፤ ይሁዳ ነው፤ የጌታ ሰቃዮች ናቸው። አለቃ ደግ ሰው በአንድ ዓይን ሥለው አያውቁም። ስለዚህ ሦስቱን ጺማሞች ፊት ለፊት አዙረው፣ እንቁላል እንቁላል የሚያህሉ ስድስት ዓይኖች አድርገውላቸው ሰቀልን።

በማግስቱ የጠዋት ፈረቃ ሲገባ ከማሸጊያ ክፍል አንዲት እናት ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች። ቀጥሎ የመጡት ሁለቱ ደግሞ የበሩን ብረት ሳሙ። «ሥላሴን ማን አምጥቶ ሰቀለልን?» አለች አንዷ። ሦስት ጺማም ሽማግሌ፣ እኩል ፊት፣ እኩል ዓይን፤ ምን ትበል?

ጓድ ደምሴ እየሮጠ መጥቶ አስወረደው። «እንደ ናሙናው!» ብሎ ጮኸ። አለቃ እያማተቡ በጎን ሣሏቸው። አሁን ደግሞ ሠራተኛው በሩ ሥር እየቆመ ይሳሳቅ ጀመር። «ተጋለጡ!» ይላል አንዱ። «እኔስ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» ይላል ሌላው። ነገሩን ለጓድ ደምሴ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አስረዳው። በመጨረሻ ፊታቸው ግማሽ በግማሽ ዘወር ብሎ፣ አንዱ ዓይን ሙሉ ሌላው እኩሌታ ሆኖ ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓድ ደምሴ የሣልነውን ሁሉ እየዞረ ዓይን ይቆጥር ነበር። እኛም «ዓይን ቆጣሪው» አልነው፤ በሌለበት።

እንዲህ እያልን ብዙ ዓመት ሠራን። ደረጃ ሁለት ሆንኩ። የአለቃ እጅ እንደ ድሮው አልሆን አለ፤ ዓይናቸው ላይም ሞራ መውረድ ጀመረ። ጺማሞቹን እኔ እሠራለሁ፤ እሳቸው ባንዲራ ይሞላሉ። ጡረታቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ለመኑኝ። ከተሰበረ ሰሌዳ ክንድ የሚያህል ቆርጬ ሰጠኋቸው። ጀሶና ሙጫ ቀብተው አለሰለሱት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አበባ ይዘው መጡ። አደይ አበባ አለ፤ ከሐይቁ ላይ የተለቀመ ነጭ አበባ አለ፤ ከሥራ አስኪያጁ አጥር የተሰረቀ ቀይ ጽጌረዳ አለ፤ ከዘበኛው ጓሮ ደግሞ አንድ ትልቅ የሱፍ አበባ። ሁሉንም በወተት ዱቄት ጣሳ ውኃ ውስጥ አቆሟቸው።

«ለየትኛው በዓል ነው?» አልኳቸው።

«ለማንም።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማንም።»

ታመው መስሎኝ ነበር። አለቃ አበባ ሥለው አያውቁም ማለት አይደለም፤ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በግድግዳ ጠርዝ፣ ክፍት ቦታ መሙያ ያህል ብዙ ሥለዋል። አበባ ብቻውን ተቀምጦ እንዲታይ ግን አንድም ቀን አልሣሉም።

«አንች የናዝሬት ልጅ፣ ስሚኝ» አሉኝ ብሩሹን እየጠረጉ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ያዘዙኝን ሣልሁ። ደብሩ አዘዘኝ፣ ሣልሁ። ፋብሪካው አዘዘኝ፣ ሣልሁ። ያየሁትን ግን አንዲት ቀን አልሣልሁም። መልአክ አላየሁ፣ ጺማሞቹንም አላየሁ። ዓይኔ ሳይዘጋ አንዲት ነገር እንዳየኋት ልሣል።»

አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። አበባው ሲጠወልግ ሌላ ይተኩበታል። ኮምፔንሳቶው ላይ አፍንጫቸው እስኪነካ ጎንበስ ብለው፣ አንዳንዴ አንድ ቀን ሙሉ አንዲት ቅጠል ላይ ይውላሉ። ያልተሞላ ባንዲራ ሲጠብቃቸው ባንዲራውን እኔ እሞላለሁ። ሲያልቅ ሰባት አበቦች ሆኑ። ስድስቱ ፊታቸውን ወደኛ ሰጥተዋል። መሃል ያለው ትልቁ የሱፍ አበባ ግን ራሱ ከብዶት ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ የሚታየው የፊቱ እኩሌታ ብቻ ነው። የጣሳው ዝገት እንኳ አልቀረም።

ሳየው እንባዬ መጣ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ ያምር ነበር፣ አለቀ። ቢሆንም የረዳት ሠዓሊ ጭንቅላት አያርፍምና «አለቃ፣ የመሃሉን ቀና ቢያደርጉትስ?» አልኳቸው።

«ቀና አላለም እኮ» አሉኝ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመጣለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው። የሠራተኛው ክበብ ውስጥ ከሻይ ማፍያው በላይ ያለው ግድግዳ እርጥበት እያስገባ አንድ ትልቅ አስቀያሚ እድፍ ሠርቶ ነበር። «ይህን ሥዕል እዚያ ብንሰቅለውስ? ሰው ይየው፤ እድፉም ይሸፈናል» አልኩ። አለቃ ደስ ሳይላቸው እሺ አሉኝ። የሰቀልኩት በራሴ እጅ ነው።

የፋብሪካው ኮሚቴ ከሰብሳቢው ከጓድ ደምሴ ጋር ሰባት ሰው ነው። ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም። ሠራተኛው ግን በሁለተኛው ምሳ ላይ አሰበው። ቀዩ ጽጌረዳ የጥበቃ ኃላፊው ሆነ፤ እሾህ አለዋ። የሐይቁ ነጭ አበባ ሁልጊዜ በስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነ። አደዮቹም ስም ወጣላቸው። መሃል ላይ ያለው ትልቁ፣ በአንድ ዓይን የሚያየው፣ ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሳሙና ቆራጮቹ ሻይ ሲቀዱ ለሱፍ አበባው ከወገባቸው ዝቅ እያሉ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጓድ» ይሉት ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ጓድ ደምሴ ራሱ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ሥዕሉን አየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየቆጠረ ነበር። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አለቃን ቢሮው አስጠራቸው። እኔም ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠራሁ። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር እስር ቤት ገብቶ ያልወጣ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ጓድ ይርዳው፣ ይህ መሃል ያለው ማነው?»

አለቃ ዞር ብለው ሰውየውን ፈለጉት፤ ሲያጡት መለሱ። «የሱፍ አበባ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አይባልም! ለምን በአንድ ዓይን ተሣለ?»

«አበባ ዓይን የለውም፣ ጓድ ጌታዬ።»

«እንዳታሞኙኝ! ሕጋችሁን አውቀዋለሁ። ስድስቱ ፊት ለፊት፣ አንዱ በጎን። ይህ በኮሚቴው አመራር ላይ የተቃጣ ፀረ አብዮት ሥዕል ነው። ጻፊ፣ ጓድ ሰናይት!»

ስክሪብቶዬን አነሳሁ። ከድንጋጤ ይሁን ከክፋት፣ አፌ ራሱ ተናገረ። «ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጓድ? ‹መሃል ላይ ያለው ባለ አንድ ዓይን አበባ እኔ ነኝ› ብለዋል ብዬ ልጻፍ?»

ጓድ ደምሴ ወረቀቱን ከፊቴ ሳበው። ቃለ ጉባኤው ወደ አውራጃ ይሄዳል። አውራጃ ያነበዋል፤ ወደ ክፍለ ሀገርም ያሳልፈዋል። ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየው።

«አትጻፊ» አለ በመጨረሻ። «ግን እስከ ሰኞ ይህ አበባ ቀና ይበል። ካላለ ሥዕሉ ቦይለር ውስጥ ይገባል፤ ሠዓሊውም ወደሚመለከተው ክፍል ይሄዳል። ያኔ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም።»

አለቃ በርጋታ ተነሡ። «እንዳየሁት ሣልሁት። ያላየሁትን አልጨምርበትም። ወደፈለጋችሁት ውሰዱኝ» አሉና ወጡ። ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ሥዕሉን ቢነኩት የመጨረሻዋ ነገራቸው ትጠፋለች፤ ባይነኩት እሳቸው ይጠፋሉ።

ሥዕሉ ወደ ክበቡ ተመለሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ፋብሪካው ሲዘጋ የክበቡን ቁልፍ ከዘበኛው ተቀብዬ ገባሁ። ሙጫዬን አሙቄ፣ ቢጫና ቡኒ ዱቄት በጥብጬ ይዤ ነበር። ከክበቡ ወጥ ቤት አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ወሰድኩ። የሱፍ አበባውን ደረቱን እንደታመመ ሕፃን ቀስ ብዬ አሸሁት። ከዚያ በአለቃ አበባ ላይ የራሴን አበባ ሣልኩ፤ ክብ፣ ቀጥ ያለ፣ ፊቱን ለመንግሥት የሰጠ። ጺማሞችን ስሠራ የኖርኩ ሰው አንድ የሱፍ አበባ አያቅተኝም።

ለአለቃ አልነገርኳቸውም። ከነገርኳቸው ይጠየቃሉ፤ ከተጠየቁ ይናገራሉ፤ መዋሸት የሚባል ነገር አይሆንላቸውም።

ሰኞ ጓድ ደምሴ መጥቶ ቆጠረ። «አሁን ሰው ሆነ» አለ። ሠራተኛው ደግሞ የባሰ ሳቀ። «ንስሐ ገባ!» አሉ ሳሙና ቆራጮቹ። አንዱማ «የንስሐ አባቱ ማነው?» ብሎ እኔን አየኝ።

አለቃ በምሳ ሰዓት ገቡ። ጓድ ደምሴ አጠገባቸው ሄዶ ቆመ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው አፍንጫቸው ሥዕሉን እስኪነካ ተጠጉ። ቆዩ። ፈቀቅ ሲሉ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነበር። «ቀና ብሏል» አሉና ሳያዩኝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ አምስት ሳምንት አላናገሩኝም። ብሩሽ ሲፈልጉ እጃቸውን ይዘረጋሉ እንጂ ስሜን አይጠሩም። ጡረታ የወጡ ዕለት የሁሉንም እጅ እየጨበጡ ተሰናበቱ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ጥምጥማቸውን አስተካክለው አለፉኝ። ከጋራዡ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ሮጬ «ሙጫ ነው፣ አለቃ!» ልላቸው አስቤ ነበር፤ ዓይን ቆጣሪው በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ክረምት ገባ። ጓድ ደምሴ ተሹሞ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደ፤ ዓይን የሚቆጥርለት ሥዕል እንዳያጣ ተመኘሁለት። በእሱ ቦታ የመጣው ሰውዬ ስለ ዓይን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከግድግዳው እርጥበት፣ ከሥሩ ደግሞ የሻይ እንፋሎት ሲይዘው የሱፍ አበባዬ ማልቀስ ጀመረ። ቢጫ እንባው በጣሳው ላይ ወረደ። በሳምንቱ ጉንጩ ተገመሰ። «ወደ ኃጢአቱ ተመለሰ!» ብለው ሳሙና ቆራጮቹ ጠሩኝ።

ሥዕሉን አውርጄ በለብ ያለ ውኃና በጨርቅ ጠረግሁት። እንደ መፈክር ለቀቀ። ከሥሩ የአለቃ አበባ ምንም ሳይሆን፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ወጣ። አዲሱን ኃላፊ የመውጫ ወረቀት ጠየቅሁት፤ «ያገለገለ ኮምፔንሳቶ፣ አንድ» ብሎ ፈረመልኝ። በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ሐሙሲት ድረስ፣ ከዚያም በጭነት መኪና አንበሳሜ ሄድኩ።

አለቃ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ተጋርዷል። እግሬን ሲሰሙ «ማነው?» አሉ።

«ሰናይት ነኝ።»

«አንች የናዝሬት ልጅ! ምነው ዘገየሽ?»

እዚያው እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «አለቃ፣ ያን ጊዜ የቀባሁበት...»

«ነጭ ሽንኩርቱ እኮ ከክበቡ በር ጀምሮ ሸተተኝ» አሉ። «ለዘይት ቀለም ነጭ ሽንኩርት የሚያሽ ሰው የለ።»

ውስጤ ጨሰ። «ታዲያ ለምን ዘጉኝ? ምን ያህል እንዳለቀስኩ ያውቃሉ?»

«ያ ሰውየ አጠገቤ ቆሞ ፊቴን ይቆጥራል፤ ብስቅ ገደልሁሽ። ተኮሳተርሁ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ካናገርሁሽ ሳቄ ያመልጠኛል ብየ ፈራሁ።»

«አምስት ሳምንት ሙሉ?»

«ትልቅ ሳቅ ነበር» አሉ፣ አሁን እየሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ተናድጄ ስቄ አለቀስኩ፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ።

ጥቅልሉን ፈትቼ ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። በጣታቸው ጠርዙን፣ ጣሳውን፣ ከዚያ መሃሉን ዳሰሱ።

«ወዴት ያያል?»

«ወደ ጎን።»

«እንዳየሁት?»

«እንዳዩት።»

ጣታቸው የሱፍ አበባው ላይ ነው። «እንግዲያው ግቢና ስቀይው» አሉኝ። «የዚህ ቤት ግድግዳ ደረቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በዚያው ሙያ ሠራሁ፤ ጺማሞቹም ወረዱ፣ ሌሎች ተሰቀሉ። በሥራው ላላችሁ የማስተላልፈው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰው ሥራ ላይ እንድትቀቡ ከታዘዛችሁ በሙጫ ቀቡ። ነጭ ሽንኩርቱን አትርሱ።